ነጂው ዝም ይላል፤ ክንፉ ይመልሳል

ሰው ሲበዛ ጩኸት ይበዛል። ይኸን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ቀን መርካቶ የወረደ፣ ወይም የትምህርት ዘመን ሲከፈት በመመዝገቢያ መስኮት ፊት የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሁሉም «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት» ይላል፤ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ግን የአንዱንም ቃል አጥርቶ አይሰማም። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ባለ ሰልፍ ግማሽ ቀን ቆሜ፣ ተራዬ ደረሰ ስል «አንድ ወረቀት ጎድሎሃል፤ ነገ ተመለስ» ተብዬ መስኮቱ ተዘግቶብኛል። ወረቀቱ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አስቀድሜ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይኸ ሰልፍ በምድር ላይ መሆኑ ቀርቶ በሰማይ ላይ ነው እንበል። በምድር የተሰለፈ ሰው ሲደክመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። አይሮፕላን ግን በአየር ላይ ቆሞ ተራውን መጠበቅ አይሆንለትም፤ ፍጥነቱን ከልክ በታች ከቀነሰ ይወድቃል። ቤንዚኑም በየደቂቃው ይጎድላል። ከኋላው ሌላ አለ፤ ከዚያም ኋላ ሌላ አለ። በእንዲህ ያለ ሰልፍ ውስጥ የአንድ ሰው ግርግር የሌላውን ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ታዲያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐሥር ሺህ ያህል አይሮፕላን ወደ አንዲት መካከለኛ ከተማ ቢጎርፍ ማን ያሳርፈዋል? እንዴትስ ያሳርፈዋል?

ጥያቄው የምናብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ ይኸው ነገር በያመቱ በጁላይ ወር መጨረሻ ገደማ ይሆናል። የዚያን ሳምንት የራዲዮ ንግግር የተቀዳበትን ድምፅ ሰሞኑን ማታ ማታ ሳደምጥ ሰነበትሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ያስገረመኝ የሰማሁት ሳይሆን ያልሰማሁት ነው። ተቆጣጣሪው ሳያቋርጥ ይናገራል፤ መልስ የሚሰጥ ድምፅ ግን የለም። ይኸ ዝምታ ምን እንደሆነ ስመረምር ነው ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበውን ቁም ነገር ያገኘሁት።

የዐሥራ አንድ ቀን ከተማ

ኦሽኮሽ በዊኔቤጎ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ የሕዝቧ ቁጥር ከ60 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ከተማ ናት። የአይሮፕላን ጣቢያዋ ዊትማን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ለብዙ ዓመታት ሥራ አስኪያጁ ከነበረው፣ በአይሮፕላን እሽቅድምድምም ስመ ጥር ከሆነው ከስቲቭ ዊትማን ነው። በሌላው ጊዜ ይኸ ጣቢያ ጸጥ ያለ ነው፤ ትናንሽ አይሮፕላኖች አለፍ አለፍ እያሉ ይነሡበታል፣ ያርፉበታል።

በጁላይ ግን መልኩ ይለወጣል። በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ አብራሪና ጓደኞቹ በሚልዎኪ ከተማ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። አባሎቹ አይሮፕላን በገዛ እጃቸው በቤታቸውና በመኪና ማቆሚያቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ የሙከራ አይሮፕላን ማኅበር ተባለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ጥቂት አይሮፕላኖች ተሰብስበው የመጀመሪያውን በዓል አደረጉ። በዓሉ በ1959 ወደ ሮክፎርድ ከተማ ተዛወረ፤ እዚያም ቦታው ስለ ጠበበው በ1970 ወደ ኦሽኮሽ መጣ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። በ2020 ብቻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይደረግ ቀርቷል።

ብዛቱን በቁጥር ለመናገር የ2023ን ዓመት እንውሰድ። በዚያ ዓመት ወደ 677 ሺህ ሕዝብ በዓሉን ተመለከተ፤ ወደ ኦሽኮሽና በአካባቢው ወዳሉት ጣቢያዎች የመጡት አይሮፕላኖች ከ10 ሺህ በለጡ። በዊትማን ጣቢያ ብቻ በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ 21,883 ጊዜ መነሣትና ማረፍ ተደረገ። ይኸ ጣቢያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ በአማካይ በሰዓት 148 ማለት ነው፤ ስናካፍለው በየ24 ሴኮንዱ አንድ ይሆናል። በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የአይሮፕላን ጣቢያዎች ብዙዎቹ እንኳ ይኸን ያህል አያስተናግዱም።

ደግሞም የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የአየር መንገድ ነጂዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚበዙት በሌላው ጊዜ ገበሬ፣ ሐኪም፣ መካኒክ፣ መምህር የሆኑ፣ በዕረፍታቸው ቀን የሚበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ዐሥር ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የሠራውን አይሮፕላን ይዞ ይመጣል። ሌላው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ተዋጊ አይሮፕላን ይነዳል። የአንዱ ፈጣን፣ የሌላው ቀርፋፋ ነው። ይኸን ሁሉ በአንድ ክር ማሰር ነው እንግዲህ የተቆጣጣሪው ሥራ።

ለምን ዝም ይላሉ?

በተለመደው አሠራር አንድ ነጂ ወደ ጣቢያ ሲቀርብ በራዲዮ ተጣርቶ የአይሮፕላኑን ቁጥርና ያለበትን ቦታ ይናገራል። ተቆጣጣሪው ይመልስለታል፤ ትእዛዝም ይሰጠዋል። ነጂው ደግሞ የተባለውን በትክክል መስማቱ እንዲታወቅ ቃሉን ይደግመዋል። ይኸ መልካምና የተፈተነ ሥርዓት ነው። ግን ጊዜ ይወስዳል። በአንድ የራዲዮ ሞገድ ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ከተናገሩ የሁለቱም ቃል ይጠፋና የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይሆናል። በደቂቃ ሦስት አይሮፕላን በሚመጣበት ቦታ እያንዳንዱ ስሙን ልናገር ቢል ከመስኮቱ ፊት እንደ ነበረው የእኛ ሰልፍ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በኦሽኮሽ ነገሩን ገለበጡት። ተቆጣጣሪው ይናገራል፤ ነጂው ያደምጣል፤ መልሱንም በድምፅ ሳይሆን ክንፉን ግራና ቀኝ በማወዛወዝ ይሰጣል። ቁጥሩንም የሚጠይቀው የለም። ተቆጣጣሪው የሚጠራው ዓይኑ ባየው ነገር ነው፤ ይኸውም በቀለሙና በክንፉ አቀማመጥ ነው። ክንፉ ከነጂው ራስ በላይ የሆነ አይሮፕላን አለ፤ ከእግሩ በታች የሆነም አለ። እንግዲህ በራዲዮ የሚሰማው እንዲህ ነው፦ «ቀዩ፣ ባለ ላይ ክንፉ፣ ክንፍህን አወዛውዝ።» ቀዩ አይሮፕላን ይወዛወዛል። «መልካም ነው፤ ሐዲዱን ተከትለህ ሂድ። ከኋላው ያለኸው ነጩ፣ ባለ ታች ክንፉ፣ አወዛውዝ።» ነጩም ይወዛወዛል። እንዲህ እያለ ከጧት እስከ ማታ ይቀጥላል።

በእኛ ቋንቋ ለማናውቀው ትልቅ ሰው «እርስዎ» እንላለን፤ ማዕረግ ላለውም ማዕረጉን እንጠራለታለን። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን ዳኛውም፣ ጄኔራሉም፣ ባለ ጋራዡም «ቀዩ»ና «ነጩ» ናቸው። ይኸ ንቀት አይደለም። በሃያ ሴኮንድ ውስጥ ለማዕረግ የሚሆን ቦታ ባለመኖሩ ነው።

ከሪፖን እስከ ፊስክ

አንባቢዬ የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ነጂ ነህ እንበልና ጉዞውን አብረን እንሂድ።

ከቤትህ ሳትነሣ በፊት የምታነበው አንድ መመሪያ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በያመቱ ያወጣዋል፤ ከሠላሳ ገጽ በላይ ነው፤ ካርታና ፎቶግራፍም አለበት። የምትመጣበት መንገድ፣ ከፍታህ፣ ፍጥነትህ፣ የራዲዮ ሞገዱ ሁሉ ተጽፎበታል። ይኸን ሳያነብ የሚመጣ ነጂ ሕግ ከመጣሱም በላይ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። በሰማይ ላይ ሆኖ «ምን ላድርግ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ እንደሌለ አይተናልና፣ ጥያቄው ሁሉ በምድር ላይ፣ በመመሪያው ውስጥ ማለቅ አለበት።

ከኦሽኮሽ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ 15 ማይል ርቃ ሪፖን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሰልፉ ቅርጽ የሚይዘው እዚህ ነው። ከሪፖን ወደ ፊስክ መንደር የሚወስድ የባቡር ሐዲድ አለ፤ አንተም ሐዲዱን ከበላይ ሆነህ ትከተላለህ። ከባሕር ወለል 1,800 ጫማ ከፍታ ላይ ትሆናለህ፤ የአገሩ ምድር ራሱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከመሬት በላይ የምትርቀው 1,000 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ፍጥነትህ 90 ኖት፣ ማለት በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላናቸው ይኸን ያህል ዝግ ማለት የማይችል ፈጣኖች ደግሞ በ2,300 ጫማ ከፍታ በ135 ኖት ከበላይህ ያልፋሉ። ከፊትህ ካለው ጋር ግማሽ ማይል ትራራቃለህ። በዚህ ፍጥነት ግማሽ ማይል ከሃያ ሴኮንድ አይበልጥም።

ጎን ለጎን መሆን የለም፤ መቅደምም የለም። የቀደመህ ቀርፋፋ ቢሆንብህ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዝህ ጊዜ መግዛት፣ ወይም እዚያው ላይ ክብ መዞር ክልክል ነው፤ ከኋላህ ያለው በሃያ ሴኮንድ ይደርስብሃልና። ሰልፉን መጠበቅ ካልቻልህ ያለህ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰልፉ ወጥተህ፣ ወደ ሪፖን ተመልሰህ እንደገና መጀመር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ተረት በሰማይም ይሠራል።

ፊስክ ስትደርስ ከበታችህ ዓይን ወግቶ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ታያለህ። እዚያ በአንዲት ጉብታ ላይ፣ በሣር ሜዳ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። በአገራችን ገበሬ አዝመራው ሲደርስ ማማ ሠርቶ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ያስቀምጣል፤ ልጁም ከሩቅ የሚመጣውን የወፍ መንጋ ቀድሞ ያያል። ከአይሮፕላን ጣቢያ ላይ ያለውንም ረጅም ቤት ማማ ማለታችን ለዚህ ተስማሚ ነው። የፊስክ ሰዎች ግን ከማማ ወርደው ወደ ማሳው ዳር የወጡ ጠባቂዎች ናቸው። የሚጠብቁትም ለማባረር ሳይሆን ለመቀበል ነው። አንዱ በመነጽር አሻግሮ ይመለከትና ቀለሙን ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ሁለተኛው በራዲዮ ይጠራል፤ ሌላው ከኦሽኮሽ ማማ ጋር በስልክ ይነጋገራል። ስሌቱ ሁሉ በዓይንና በአፍ ነው።

ፊስክ የመገንጠያ ቦታ ናት። አንዱ አይሮፕላን የመኪናውን መንገድ ይዞ ወደ ምሥራቅ ወደ አንደኛው ማኮብኮቢያ እንዲሄድ ይታዘዛል፤ ተከታዩ ሐዲዱን ይዞ ወደ ሁለተኛው ይላካል። በዚህ ዓይነት አንዱ ሰልፍ ሁለት ይሆንና በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ርቀት ይሰፋል።

በቀለም ነጥብ ላይ ማረፍ

ከፊስክ በኋላ የማማው ሰዎች ይቀበሉሃል። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። በተለመደው ደንብ በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ አንዱ አርፎ ሳይወጣ ሌላው እንዲያርፍ አይፈቀድም፤ በቀን፣ ለትናንሽ አይሮፕላኖች ብቻ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 3,000 ጫማ ካለ ይፈቀዳል። በኦሽኮሽ በልዩ ፈቃድ ይኸ ርቀት ይቀነሳል። የዋናው ማኮብኮቢያ ርዝመት 8,000 ጫማ ያህል ነው፤ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ግን ለማረፍ የዚህን ሲሶ እንኳ አትፈልግም። ስለዚህ በማኮብኮቢያው ላይ፣ በተራራቀ ቦታ፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው ታላላቅ ክብ ነጥቦች ተቀብተዋል። «ቀዩ፣ አረንጓዴው ነጥብ ላይ እረፍ። ነጩ፣ ብርቱካኑ ነጥብ ላይ እረፍ» ይባላል። ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት አይሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ በአንድ ጊዜ መንኮራኩራቸውን ያሳርፋሉ።

ለነጂው ይኸ ከባድ ፈተና ነው። ሲማር ጀምሮ የለመደው ማኮብኮቢያው ባዶ መሆኑን አይቶ ማረፍን ነው። አሁን ግን ከፊቱ ሌላ ሰው እየሮጠ ሳለ፣ ከታዘዘው ነጥብ ሳያንስም ሳያልፍም ማረፍ አለበት። ደንግጦ ቀድሞ ቢያርፍ ከኋላው ያለውን ይከለክላል፤ አልፎ ቢያርፍ ከፊቱ ያለውን ይገጫል። ካረፈም በኋላ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ ላብ መጥረግ የለም፤ ወዲያው ወደ ሣሩ ይወጣል። በሣሩ ላይ ሰንደቅ የያዙ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች ይጠብቁታል። እነሱም አይጠይቁትም። ነጂው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ በትላልቅ ፊደላት ጽፎ በመስኮቱ ላይ ለጥፎታል፤ ድንኳን ተክሎ የሚያድር፣ አይሮፕላኑን ብቻ የሚያቆም፣ በእጁ የሠራውን የሚያሳይ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። አሁንም በዝምታ።

ለመነሣትም እንዲሁ ነው። ከማማው ላይ ሆኖ በሣር ላይ የተሰለፈውን ሁሉ ማየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ተቆጣጣሪዎቹ በማኮብኮቢያው ዳር በሚቆሙ ተጎታች መድረኮች ላይ ወጥተው ያዛሉ። የእነዚህ መድረኮች ስም ረጅም የመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ የቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ግን «ሙካው» ይሆናሉ፤ ማለትም የላም ጩኸትና ላም። ዊስኮንሲን በወተትና በአይብ የታወቀ ግዛት ስለ ሆነ ቀልዱ የተገኘው በአጋጣሚ አይመስለኝም። እንዲህ ካለ ጭንቅ ሥራ ጋር ጥቂት ሳቅ መኖሩ መልካም ነው።

ባለ ሮዝ ሸሚዞቹ

እነዚህ ተቆጣጣሪዎች የኦሽኮሽ ሰዎች አይደሉም። በመላው አሜሪካ ካሉት ጣቢያዎች ፈቃደኛ ሆነው ያመለከቱ፣ ከዚያም ውስጥ የተመረጡ ናቸው። በራዳር ፊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው እዚህ መጥቶ ፀሐይ እየመታው፣ አቧራ እየጠጣ በገዛ ዓይኑ ይሠራል። ሁሉም ደማቅ ሮዝ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ በሜዳው ላይ ከሩቅ እንዲታዩ ነው።

የሚሠሩት በአራት በአራት እየሆኑ ነው፤ አሰላለፉም ወጣት ለሆነ ሠራተኛ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ከአራቱ አንዱ የቡድኑ መሪ ነው፤ አንዱ ብዙ ዓመት የተመላለሰ ነባር ነው፤ አንዱ ለጥቂት ጊዜ የሠራ ነው፤ አራተኛው አዲስ ነው። አዲሱ በሌላ ቦታ ስመ ጥር ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ጀማሪ ነው፤ ከነባሩ ጎን ቆሞ ይማራል። እንዲህ በመሆኑ የሥራው ዕውቀት በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም። በያመቱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ባለቤቱን ይለውጣል። የበረራ ትርኢቱ ሲጀመር ጣቢያው ለመጪና ለሂያጅ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የትርኢቱን ሰማይ የሚያዘው «ኤር ቦስ» የሚባለው የትርኢት አለቃ ነው። የሚገለባበጡት አይሮፕላኖች ከሕዝቡ የሚርቁበት መስመር በፍጥነታቸው ይወሰናል፤ ለዝግተኞቹ 500 ጫማ፣ ለመካከለኞቹ 1,000፣ ለፈጣኖቹ ጄቶች 1,500 ጫማ ነው። ከትርኢቱ በፊት ለመድረስ የሚፈልጉት ሁሉ ጧት ላይ የሚሽቀዳደሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ ሲፈተን

ነገሩን እንደ ተአምር አድርጌ ካቀረብሁ ግን አንባቢን አታለልሁ ማለት ነው። በ2018 ከመክፈቻው በፊት በነበሩት ቀናት መጥፎ አየር መንገዱን ዘጋው። እሑድ ሰማዩ ሲጠራ በየመንገዱ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ሁሉ አንድ ጊዜ ተነሣ። በፊስክ አካባቢ መጨናነቅ ሆነ። ሰልፉ ሲሞላ ነጂዎች በአቅራቢያው ባሉት ሐይቆች ዙሪያ እየዞሩ ተራቸውን እንዲጠብቁ ይታዘዛሉ፤ በዚያን ቀን ብዙዎች ረጅም ጊዜ ዞሩ፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላ ጣቢያ ሄዱ። ነጂው ሲደክም፣ ቤንዚኑ ሲጎድል፣ ዙሪያውን ሁሉ አይሮፕላን ሲከብበው ያ የተመሰገነ ዝምታ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ ታየ። ከዚያ ወዲህ በወጡት መመሪያዎች ሰልፉ ከሪፖን በፊት፣ ከሩቅ እንዲጀመር ተጨማሪ የመግቢያ ነጥቦች ተወሰኑ። ስሕተቱ ተደብቆ አልቀረም፤ ተጽፎ ለሁሉም ተነገረ።

የሰው ሕይወትም የጠፋበት ጊዜ አለ። ብዛቱ በተመሰገነበት በዚያው በ2023፣ ጁላይ 29 ቀን፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አደጋዎች ደረሱ። አንድ የጥንት ማሠልጠኛ አይሮፕላን በዊኔቤጎ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ፤ በጣቢያው ላይም አንድ ሄሊኮፕተርና አንድ ጃይሮኮፕተር ተጋጩ። በሁለቱም አራት ሰዎች ሞቱ። የሥርዓት ጥቅሙ አደጋን ፈጽሞ ማጥፋቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቀን ብርቅ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

ሌላው ፈተና ከሰማይ ሳይሆን ከሣጥን የመጣ ነው። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት በጀት በድንገት ሲቀነስ፣ የአቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት የተቆጣጣሪዎቹን ወጪ ማኅበሩ ራሱ ይክፈል አለ። የተጠየቀው ወደ 450 ሺህ ዶላር ነበር። ማኅበሩ «ነጂዎች በቤንዚን ላይ ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ይኸ አገልግሎት ስንት ዓመት በመንግሥት ሲሰጥ የኖረ ነው» ብሎ ተቃወመ። ነገር ግን በዓሉ ደርሶ ነበርና፣ ያለ ተቆጣጣሪ መሰብሰብም የማይታሰብ ስለ ሆነ እየተቃወመ ከፈለ፤ ጉዳዩንም ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። በ2014 ነገሩ በስምምነት ተቋጨ። ለመንግሥት ሥራ አዲስ ለሆንን ወጣቶች ይኸ ክርክር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሕዝብን ደኅንነት የሚጠብቅ አገልግሎት ዋጋው የማን ዕዳ ነው? የተጠቃሚው ነው ወይስ የሁሉ? ሁለቱም ወገን የሚለው ነበረው። ያም ሆኖ በክርክሩ መካከል ፊስክ ያለ ተቆጣጣሪ አልዋለችም።

የመስኮቱ ነገር

አሁን ወደዚያ የመመዝገቢያ መስኮት ልመለስ። የኦሽኮሽን ድምፅ ሳደምጥ መጀመሪያ ያሰብሁት «እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ታዛዦች ናቸው!» ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን መታዘዝ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ነጂው ዝም የሚለው አፉን ስለ ዘጉት አይደለም። የሚጠይቀው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ስለ ተመለሰለት ነው። አንድ ሰው ከሠላሳ ገጽ በላይ ተጨንቆ ጽፎለታል፤ እሱም ተጨንቆ አንብቦታል። የሁለቱ ድካም በምድር ላይ ስላለቀ በሰማይ ላይ የሚቀረው አንድ አጭር ቃልና አንድ የክንፍ ውዝዋዜ ብቻ ሆነ።

ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሥርዓቱ አይቆምም። መመሪያው ሳይጻፍ ነጂዎችን «ዝም በሉ» ማለት ግፍ ነው፤ መመሪያው ተጽፎ ሳለ ሳያነቡ መጥቶ መጮህም እንዲሁ ግፍ ነው። በዚያ በእኔ ሰልፍ ሁለቱም ጎድለው ነበር። የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ዝርዝር በግድግዳው ላይ አልተለጠፈም ነበር፤ ቢለጠፍ ኖሮ አነበው እንደ ነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ ከመስኮቱ ወዲያኛው ወገን ለመቀመጥ የምንዘጋጅ ወጣቶች ብዙ ነን። ከመቀመጣችን በፊት ዝርዝሩን ጽፎ መለጠፍ፣ ቃልን ማሳጠር፣ ከሩቅም መታየት ያስፈልገናል። ሮዝ ሸሚዝ ባንለብስም እንኳ ባለጉዳዩ ማንን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት።

ካደመጥሁት ቅጂ አንድ ነገር በጆሮዬ ቀርቷል። ማምሻው ላይ ነው፤ የተቆጣጣሪው ድምፅ ሸክሯል። አንዱን አይሮፕላን በቀለሙ ጠርቶ ነጥቡን ነገረው፤ መልስ እንደማይመጣ እያወቀም ከማለፉ በፊት አንድ ነገር ጨመረለት፦ «እንኳን ወደ ኦሽኮሽ በደኅና መጣህ።» ነጂው በድምፅ አልመለሰም። ክንፉን ግን ሳያወዛውዝ አልቀረም።